ስለ ማዳበሪያ ልጠይቅ ሄጄ ሚስት ጠይቄ ተመለስሁ

ጎህ ሲቀድ፣ ፍኖተ ሰላም

ሰማዩ ወገግ ሲል ተነሣሁ። በዋናው መንገድ ላይ የጋሪ ፈረሶችና ባጃጆች ከአሁኑ መጋፋት ጀምረዋል። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። የምሄደው ማዳበሪያ በገበሬው ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማጥናት ነው። አፈሩን ሌሎች ያጠናሉ፤ የእኔ ድርሻ ሰዉ ነው።

ረፋድ፣ ቡሬ

ወደ ነቀምቴ የሚታጠፉ የጭነት መኪኖች፣ የበቆሎ ጆንያ፣ አቧራ። ፍርፍሬን በልቼ ወደ ገጠር የሚወስደኝ ባጃጅ ያዝሁ። ሾፌሩ የጠራው ዋጋ አስደነገጠኝ።

«ምነው እንዲህ ተወደደ?»

«ማዳበሪያ ተወዶ ነው ጌታዬ።»

«ባጃጅህ ማዳበሪያ ትጠጣለች?»

«እሷስ አትጠጣም። አባቴ ነው የሚገዛው፤ ከፋዩ ግን እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያው ማኅበራዊ ተጽዕኖ ከኪሴ ወጣ።

እኩለ ቀን፣ ከቡሬ ወጣ ያለ መንደር

ጤፉ ቢጫ መልበስ ጀምሯል። እንዳነጋግራቸው የተጠቆምሁት አቶ አንማው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ብርቱ ገበሬ ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጃቸው ላይ ሲንቆራጠጡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው አባ ይትባረክ የሚባሉ ቄስና አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ቆመዋል።

«አባቴ፣ ማዳበሪያ በኑሮዎ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?» አልኋቸው።

«ሚስት ሊያመጣ ነበር፤ ሦስተኛው ሽማግሌ እግሩን ወለም ብሎት ቀረ እንጅ።»

ነገሩን አስረዱኝ። በሰኔ የማዳበሪያ ወረፋ ላይ ወይዘሮ ይመኙሻል ከሚባሉ፣ ባላቸው ከሞተባቸው ሴት ጋር ተዋወቁ። «ሰው ሁሉ ወረፋው እንዲያጥር ሲጸልይ፣ እኔ እንዲረዝም ጸለይሁ» አሉኝ። ክፋቱ፣ የመጨረሻው ኩንታል ለአንማው ደረሰና የሴትዮዋ ወንድም አቶ ታከለ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ታከለ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንኳ ሰላም አይሏቸውም። እህታቸውን ለመጠየቅ የሚኬደው ደግሞ ወደ ታከለ ቤት ነው።

አባ ይትባረክ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ አባ።»

«ሽበትም ጣል ጣል አድርጎብሃል። ሽማግሌ ነህ፤ ተነሥ።»

ከሰዓት በኋላ፣ የአቶ ታከለ ግቢ

አንማው ቤታቸው ቀሩ፤ እኛ ሦስታችን ፀሐይ ላይ ተገተርን።

«ተቀመጡ እንጅ» አሉ ታከለ።

«ሳይፈቀድልን አንቀመጥም» አሉ አባ።

«የመጣችሁት ለዚያ ኩንታሌን ላነሣብኝ ሰው ከሆነ፣ እንደ ቆማችሁ ይምሽ!»

አባ በምሳሌም በቅኔም ሞከሩ፤ ታከለ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አባ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ላብ አጠመቀኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ የስብሰባ ቋንቋ ብቻ ነበር።

«የግብዓት ሥርጭቱ ፍትሐዊ ካልሆነ በማኅበረሰቡ ትስስር ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ...»

ታከለ ወደ አባ ዞሩ። «ይኸ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«ይቅር በል ነው የሚልህ።»

ይኼኔ ወንድማቸው ዘንድ የዋሉት ወይዘሮ ይመኙሻል ጠላ ይዘው ከቤት ወጡ።

«ወንድም ዓለም፣ ኩንታልህን ማንም አላነሣብህም። በወረፋህ ላይ ድንጋይ አስቀምጠህ አረቄ ቤት ገባህ። ወረፋው ሲሄድ ድንጋይህን በእግሩ እየገፋ እስከ በሩ ያደረሰልህ አንማው ነው። ተራህ ደርሶ ስምህ ሲጠራ ድንጋዩ ዝም አለ። እኛ ምን እናድርግ?»

ዝምተኛው ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሴትዮዋ አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሌ ከሞተ ወዲህ ማሳዬን የማሳርሰው ሰው ለምኜ ነው። ማታ የማወራው ከላሞቼ ጋር ነው። ስለ አንድ ኩንታል ብለህ እንዲህ እንድኖር ትፈርድብኛለህ?» አሉ።

 ታከለ ወደ እህታቸው ዞረው፣ «ለመሆኑ ድንጋዩን ምን አደረጋችሁት?» አሉ።

«እዚያው ነው። የከርሞን ወረፋ ይዞልሃል።»

መጀመሪያ ጮክ ብለው የሳቁት ራሳቸው ታከለ ናቸው። «በሉ ተቀመጡ፤ ፈቅጃለሁ። አንማውንም ጥሩት፤ እርቁም አብሮ ይውረድ» አሉ። ከሁሉም ቀድሜ ተቀመጥሁ።

ሲመሽ፣ ፍኖተ ሰላም

ከሚኒባስ ስወርድ የሥራ ባልደረባዬ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ።

«እህ፣ ጥናቱ እንዴት ሆነ?»

«ተፈቀደልን» አልሁት። «ሠርጉ ጥር ላይ ነው።»