ቀዩ በርና ድልድዩ

ወንድሜ ስሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ ያበስላል። አንዱ እንግዳ ሲሰናበተው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ሰጠው። እኔ ደባርቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ያው ጌም በቤቱ ኮምፒውተር ላይም አለ። ወንድሜ ከተራራ ሲወርድ መጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘዋለሁ፤ እሱ ካቆመበት እኔ እቀጥላለሁ። ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ እኔ ያደረስኩትን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ እየተቀባበልን ከባዶ መሬት ተነስተን አንድ መንደር አቀናን። እሱ ያርሳል፣ እኔ ቤት እሠራለሁ። ነጭ በር ያለው ትልቁ ቤት የኔ ነበር።

ነበር ያልኩት እጮኛው እስክትመጣ ስለሆነ ነው።

እጮኛው የዳባት ልጅ ናት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንድሜ እዚያ ይሰነብታል። አንድ ቀን መጫወቻውን ሳገናኝ የቤቴን በር ቀይ ሆኖ አገኘሁት።

«ማን ነው የቀባው?»

«እሷ ናት። አያምርም?»

«አያምርም።»

«ቀናሽ እንዴ?»

«በበር ማን ይቀናል?»

ቀንቼ ነበር። መጫወቻውን አንድ ሌሊት እኔ ጋ አሳድረው ስለው «ትሰብሪዋለሽ» የሚል ሰው፣ ለሷ ሳምንት ሙሉ ዳባት ትቶላት ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ፣ ወንድሜ ገና ተራራ ላይ እያለ፣ መጫወቻውን ይዛ ከች አለች። ገበያ ለመገብየት ነው የመጣችው።

«እታለም፣ ነይ እዪ» ብላ ስክሪኑን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል። ክረምቱን ሙሉ ስሞክረው መሃሉ እየፈረሰ ያስቸገረኝ ድልድይ። እኔ መሃሉ ላይ ስታገል፣ እሷ ከሁለቱም ዳር ድንጋይ እየደረደረች አገናኝታዋለች። ያምራል። ያናደደኝም ማማሩ ነው።

«መች ሠራሽው?»

«አሁን፣ ሚኒባስ ውስጥ። ወደ ኮምፒውተሩ አስገቢልኝ። ወንድምሽ ዛሬ አመሻሽ ይወርዳል፤ በትልቁ ስክሪን ይየው።»

ገመዱን ሰካሁ። ፕሮግራሙ የሁለቱን ሰዓት አይቶ መጨረሻ ሴቭ የተደረገውን ያስቀራል፣ የቀደመውን ያነሳል። ሁልጊዜ የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ሠርቶም አሳስቶን አያውቅም። ጌሙን ከፈትኩት። ወንዙ ይፈሳል። ድልድይ የለም። በሩ ነጭ ነው።

«ድልድዬስ?»

«እኔ እንጃ።»

«በሩስ?»

«በሩን ጠዋት ሱቅ ስከፍት እኔ ነኝ የቀባሁት። ድልድዩን አልነካሁም።»

«ተይ እንጂ እታለም። አንዱን ነክተሽ አንዱን ተውሽው?» እየሳቀች ነው የምትለኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ለወንድምሽ ምን ልበለው?»

«እህትህ አጠፋችው በይው። ያምንሻል።»

እንደሚያምናት አውቃለሁ።

ጥግ ላይ የደብራቸውን ደብዳቤ እስካትምላቸው የሚጠብቁ ቄስ ተቀምጠው ነበር። «ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉ።

«ድልድይ ነው፣ አባ» አለቻቸው።

«የትኛው? ወደኛ የሚወስደው?»

«አይ አባ፣ የጨዋታ ነው።»

«ተመስገን። ለመሆኑ ሰዓት ስንት ሆነ?»

እሷ መጫወቻውን አየት አድርጋ «ሦስት ተኩል» አለች። እኔም ልነግራቸው ወደ ኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ዞሬ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ይላል።

«መጫወቻው ላይ ሰዓቱን ማን ነው ያስተካከለው?»

«እኔ ነኝ። የፈረንጁ ግራ ሲያጋባኝ በኛ አደረግኩት። ምነው?»

የለመደ ሰው ዘጠኝ ተኩል የሚል ስልክ ቢያይ ሳያስበው ሦስት ተኩል ብሎ ያነበዋል። ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። እኔ በሩን የቀባሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስምንት ብሎ ያዘው። እሷ ድልድዩን የጨረሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ መጫወቻው ሦስት ብሎ ያዘው። ስምንት ከሦስት በኋላ ነውና የኔ ቀረ፣ የሷ ተነሳ። እስከዛሬ በሷ ጨዋታና በኔ ጨዋታ መካከል ቀናት ስለሚያልፉ ሰዓቱ ለውጥ አላመጣም። በአንድ ጠዋት ስንጫወት የመጀመሪያችን ነው።

ይህንኑ ነገርኳት።

«እና ኮምፒውተሩ ሐበሻ አይደለም በይኛ» ብላ ሳቀች። «በቃ፣ የራሴ ጥፋት ነው።» ዘንቢሏን አንስታ ወደ ገበያው ወጣች። ስትወጣ ግን አልሳቀችም።

ያልነገርኳት አንድ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ የሚያነሳውን አይጥለውም፤ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ንጹሕ ነኝ፣ ቄስ የሚያህል ምስክር አለኝ። የቄሱን ደብዳቤ አትሜ ሸኘኋቸውና ነጩን የቤቴን በር እያየሁ ተቀመጥኩ። ከበሩ ጀርባ ወንዙ ይፈሳል፤ ማዶው ባዶ ነው፣ ማንም አልረገጠውም።

ድልድዩን መለስኩት። በሩ አብሮት ቀይ ሆነ። የመጫወቻውን ሰዓት እንደ ኮምፒውተሩ አደረግኩት። ከዚያ እሷ ከገበያ ሳትመለስ በድልድዩ ተሻገርኩና ማዶ ላይ አንድ ቤት ሠራሁ። በሩን ነጭ ቀባሁት፣ ሴቭ አደረግኩ።

አመሻሽ ላይ ወንድሜ ጢስ ጢስ እየሸተተ ገባ። እሷ አጠገቡ ቆማለች። ትልቁን ስክሪን ብዙ አየው።

«ድልድዩን ማን ሠራው?»

«እሷ» አልኩ።

«ጎበዝ። ማዶ ያለውስ ቤት?»

«የማን ይመስልሃል?»

እሷ በሩን አየችና ወደኔ ዞረች። ወንድሜ መጫወቻውን ከገመዱ ነቅሎ ሊያቀብላት እጁን ሲዘረጋ፣ ከመሃል ተቀበልኩት።

«ዛሬ እኔ ጋ ያድራል» አልኩ።