ጋሽ ወርቁ አንደርሰንቪል የሄዱ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ኬኔሶ ባለው ቤታችን ጓሮ አባቴ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ ይጠብስ ነበር፤ ሥጋው ተበልቶ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ አብረውን የሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን ወደ ሙቀቱ ጠጋ ያደርጉና የእስር ቤት ጨዋታቸውን ይጀምራሉ።

ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርከው ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ ታስረዋል። ያኔ ግን ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ እስር ቤት ማለት የሚያስቅ ቦታ ነበር፤ እሳቸው የሚያወሩት መቁጠር ስለማይሆንለት ዘበኛ፣ ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ቦታ እየተቀያየሩ ስለሚያሳስቱት እስረኞች፣ በእስር ቤቱ ኃላፊ በሻለቃው ስም ስለተጠራች አይጥ ነዋ። ጭሱ ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው በእጅጌያቸው ይጠርጉና መሳቃቸውን ይቀጥላሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ጨዋታው እጅ እጅ አለኝ። አይጧ ከየት መጥታ የማንን ጫማ እንደምትበላ ከእሳቸው ቀድሜ እጨርሰው ጀመር። አባቴ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ቁም ነገሩን አውራን። እንዴት ኖርክ?» ይላቸዋል። «ኖርኩ፣ ይኸው አለሁ» ይሉና ወደ አይጧ ይመለሳሉ። አባቴም መቆንጠጫውን ወርውሮ ወደ ቤት ይገባል።

አባቴ ኮሌጅ ፓርክ ላይ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። አንድ በጋ፣ ከአሳፈራቸው ሰዎች አንዱ ስለ አንደርሰንቪል ነገረው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ምርኮኞች ታጉረው በረሃብና በበሽታ ያለቁበት፣ አሁን መታሰቢያ የሆነ ቦታ ነው። አባቴ እቤት እንደገባ «ጋሼን እዚያ እንወስደዋለን። ቦታውን ሲያይ አፉ ይፈታል» አለ። እናቴ «ተው፣ የሰው ቁስል አትነካካ» አለችው። የሚሰማ ሰው የት ተገኝቶ!

የሄድንበት ቀን ከማለዳው ተበላሸ። የመኪናው ማቀዝቀዣ እምቢ አለ። አትላንታ መሀል ሚድታውን ስንደርስ ትራፊኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ ስለ ጦርነቱ ሌክቸር ሲያደርግ መውጫውን አለፈው፤ ሲመለስ ደግሞ እንደገና አለፈው። ወንድሜ እናቴ ጉልበት ላይ አስመለሰ። የእኔ ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ጋሽ ወርቁ ብቻ ከፊት ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

ስንደርስ ሙዚየሙ አልገባም አሉ። «እናንተ ግቡ፤ እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ።»

«ከማን ነው የምትጠብቀው?» አለ አባቴ። ባዶ ሜዳ ላይ ነበር ፓርክ ያደረግነው።

በስንት ልመና ወርደው ካምፑ ወደነበረበት ሜዳ ሄድን። ሣር ብቻ ነው፤ አጥሩ የነበረበትን ቦታ የሚያሳዩ ነጫጭ እንጨቶች ዙሪያውን ቆመዋል። አንዲት አስጎብኚ መጥታ ማስረዳት ስትጀምር አባቴ ለጋሽ ወርቁ እንዳስተረጉም ወደፊት ገፋኝ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዬ «ይሄን መስመር ያለፈ እስረኛ... ሹት ያደርጉታል» አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ እንጨቶቹን ቆመው አዩ። «ውሃው በየት በኩል እንደነበር ጠይቂልኝ» አሉኝ። ሴትዮዋ ዝቅ ብሎ ያለውን ቀጭን ጅረት አሳየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባቴ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ በል እዚያ ውስጥ ቁምና ፎቶ ላንሳህ» አለና ክንዳቸውን ይዞ ሳብ አደረጋቸው።

ክንዳቸውን መንጭቀው አስለቀቁ። «አልገባም አልኩህ! አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይግባ?»

ጋሽ ወርቁ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አስጎብኚዋ ራመድ ብላ ራቅ አለች። አባቴም በተራው ጮኸ፦ «እኛስ? ሞቷል ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠንልሃል እኮ! እማዬ ጥቁሯን ሳታወልቅ ነው የሞተችው። ምን እንዳገኘህ ማወቅ አይገባኝም?»

«የማወራልህ የምችለውን ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማልችለውን ከየት ላምጣልህ?»

በዚያው ወደ መኪናው ተመለስን። እኔ በሁለቱም ተናድጄ ነበር፤ ያን ሁሉ ሙቀት የቻልነው ለዚህ ነው? ሽንት ቤት እንዳልሄድኩ እንኳ የጠየቀኝ የለም።

በመልስ መንገድ ሜከን ከተማን ስናልፍ ጋሽ ወርቁ ድንገት «ለቅሶዬ ላይ ማን መጣ?» አሉ።

አባቴ አሽሙር መስሎት ፍጥነት ጨመረ። ደግመው ጠየቁት። ቀስ እያለ ጀመረ፦ ጋሽ ወርቁ ዶሮዋን ሰርቀው የበሉባት ጎረቤት ከእናታቸው በላይ እንደጮኸች፣ ንፋስ ድንኳኑን ገንጥሎ አልቃሾቹ ላይ እንደጣለው፣ ከሥር ሆነው የሚወጡበት ጠፍቷቸው እርስ በርስ እንደተረጋገጡ። ጋሽ ወርቁ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴም አልቻለም፤ መሪውን እየመታ ሳቀ።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔማ ያንተን ኮት ለብሼ አላወልቅም ብዬ አስቸገርኩ። ሳምንቱን ሙሉ በሱ ተኛሁ።»

ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን አቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው የአባቴን ማጅራት ያዙ፤ የአትላንታ ትራፊክ እስኪቀበለን ድረስም አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ጋሽ ወርቁ ስለ አይጧ ማውራታቸውን፣ አባቴም መበሳጨቱን አልተዉም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ያን ቀን ሳስብ ሜዳውና እንጨቶቹ እየደበዘዙብኝ ሄደዋል፤ የማይረሳኝ ከኋላ ወንበር የነበረው የእናቴ ፊት ነው። አፏን በእጇ ይዛ የባሏን ማጅራት ታያለች። ያን ያህል ዘመን አብራው ስትኖር ስለዚያ ለቅሶ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ በቤታችን የማይናገሩት ጋሽ ወርቁ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።