ቁጥሬን ሳልለቅ
በምኖርበት በዊልስደን ሰፈር ያለው ስልክ ሻጭ በየወሩ በምከፍልበት የስልክ ኮንትራቴ ላይ አዲስ ስልክ ከወሰድኩ «የማሻሻያ» የሚባል ተጨማሪ ክፍያ እንዳለ ነገረኝ። የውሉን ወረቀት ቤት ወስጄ ላስነብበው አልኩት። ድሮ የቤት ኪራይ ውል ሳላስነብብ ፈርሜ ከተጎዳሁ ወዲህ ወዲያው አልፈርምም።

ልጄ እያንዳንዱን መስመር አነበበችልኝ። «እማዬ፣ ስልኩን ብቻ ከሌላ ሱቅ ግዢ። ሲምሽን ከነቁጥሩ ታዛውሪያለሽ፣ ይሄን ክፍያ አትከፍይም።»

ፈራሁ። አገር ቤት ያለችው እናቴ በቃሏ የያዘችው ይሄን ቁጥር ብቻ ነው፤ ቢጠፋ በምን ታገኘኛለች? ቢሆንም ገዛሁት። የጆሮ ጌጤን አውልቄ በጫፉ የአሮጌውን ስልክ የሲም ማስቀመጫ ከፈትኩ፤ ሲሙን ወደ አዲሱ አዛወርኩ።

ልጄ ከጓዳ ወደዚያው ቁጥሬ ደወለች። አዲሱ ስልክ ጮኸ።

«ማን ልበል?» አልኩ።

«የስልክ ሻጩ ነኝ፣ ክፍያዎን ረስተዋል!» አለች ልጄ ድምጿን አጎርንና።

«አልረሳሁም፣ ቀረልኝ እንጂ» አልኳትና ወደ እናቴ ደወልኩ።