የጉንዶ ክሬሲዳ

ታንያኒ መኪናዋን ከፖሊስ ግቢ አስጎትቶ ሲመጣ ባለቤቱ ቺናካሆ የግቢውን በር ዘግታ ከፊቱ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፤ ልጃቸው ጉንዶ ከተቀበረ ገና ወሩ ነው። የጎታቹ መኪና ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አንዴ እሷን አንዴ ባልየውን ያያል።

«ወዴት ልትወስዳት ነው?» አለችው።

«ከቤቱ ኋላ። ማንጎው ሥር።»

«እዚህ ግቢ አትገባም።»

«የጉንዶ እናት፣ ሰው ያየናል እኮ።»

«ይየና! ልጄን የበላች መኪና ደጄ ላይ ልታቆምልኝ ነው? ገደል ክተታት። አቃጥላት። እኔ እንደሆነ ዓይኔ እንዲያያት አልፈልግም።»

ታንያኒ ድሮም አፍ የለውም። የበሩን መቀርቀሪያ በቀስታ ከእጇ አስለቅቆ ከፈተ። እሷም አልታገለችውም፤ ገለል አለች። የተጨፈለቀው ኮፈን፣ የተሰባበረው መስታወት፣ የተጣመመው የሾፌር በር ተራ በተራ በፊቷ ሲያልፉ ሻሿን ወደ አፏ ሰብስባ ቤት ገባችና ዘጋች።

በንዠሌሌ ሸለቆ ያቺን ነጭ ክሬሲዳ የማያውቅ አልነበረም። ታንያኒ የገዛት ጡረታ ከወጡ ርዕሰ መምህር ላይ ነው። ሌቩቡ ባለ የማካዳሚያ ለውዝ ማድረቂያ ይሠራል፤ ጎህ ሳይቀድ ተራራውን ተሻግሮ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። በሰፈሩ ሌላ መኪና ባልነበረበት ዘመን ምጥ የያዛትም፣ እባብ የነደፈውም፣ የምትዳረዋ ሙሽራም በእሷው ነው የሄዱት። ጉንዶ በእግሩ መሄድ ሳይለምድ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ መሪ ይዟል።

ልጁ ሲያድግ ሲባሳ ከተማ ጋራዥ ገብቶ ሙያ ለመደ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «አባባ፣ አሮጊቷን ስጠኝና ኮረዳ አድርጌ ልመልስልህ» አለው። ታንያኒ ሳቀና ቁልፉን ወረወረለት። ጉንዶ የደከመውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አውጥቶ ከአንድ የተገለበጠ ትልቅ መኪና የተነቀለ ባለ ስምንት ሲሊንደር ገጠመላት። ካምቢዮውን ቀየረ፣ ቀለሟን አደሰ፣ ወንበሮቿን አሰፋ። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በእሷ አብረው ሥራ ይሄዱ ነበር፤ ጉንዶ ይነዳል፣ ታንያኒ ከጎኑ ያንቀላፋል፤ ልጁ አባቱን ሌቩቡ አውርዶ ወደ ጋራዡ ይቀጥላል። አመሻሽ ላይ ገና ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቺናካሆ ያንን ወፍራም ድምፅ ትሰማለች። «መጡ» ብላ ገንፎውን ታወጣለች።

ሞተሩ ግን ከባድም ኃይለኛም ነበር፤ ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ታንያኒ የማታ ፈረቃ በገባበት ሳምንት ጉንዶ ብቻውን ሲመለስ፣ ወደ ሸለቆው በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለ። ከቋጥኝ ጋር ነው የተላተመው። ሰው ሲደርስ መሪው ደረቱ ውስጥ ነበር።

ታንያኒ መኪናዋን ለምን እንደሚጠግናት ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ሥራ በምን ልሂድ?» ይላል። ውሸት አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እሱን ግን ለሰው የሚናገርበት ቃል አልነበረውም።

ለሥራው የጠራው ሊቩዋኒን ነው። ሊቩዋኒ ባትላሜራ ነው፣ መካኒክነትም ያውቃል፤ አብረው የተገረዙ እኩያሞች ናቸው። መጥቶ ማንጎው ሥር ቆመና አንገቱን ነቀነቀ።

«ታንያኒ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም። የቆርቆሮ ክምር ነው።»

«ይቃናል?»

«ሁሉ ነገር ይቃናል፣ አንተ ብቻ አትቃናም። ለምን አትተዋትም? ላሜራውን ሽጠን፣ አነስ ያለች ነገር እንፈልግልህ።»

«ሻንሲዋ ተጣሟል ወይ ነው የጠየቅኩህ።»

ሊቩዋኒ መሬት ላይ ተንጋሎ ከሥሯ ገባ። ብዙ ቆይቶ ወጣና አቧራውን እያራገፈ፣ «ሻንሲዋ ደህና ነው» አለ፤ ቢጣመም ደስ እንደሚለው ሁሉ በቅሬታ።

በየቅዳሜው ሠሩ። የሾፌሩን በር በመጋዝ ቆርጠው አወጡና ከአንድ ወዳቂ ክሬሲዳ የተነቀለ ሌላ በር ገጠሙ። የሰረጎደውን ግንባር በሰንሰለት ከማንጎው ግንድ ጋር አስረው ጎተቱት፤ ሊቩዋኒ ላሜራውን እየቀጠቀጠ አቃናው፣ በየዳው፣ ስቱኮ ቀባው። የሾፌሩን ወንበር ግን ሊቩዋኒ ሊነካው አልፈለገም። ታንያኒ ብቻውን ፈትቶ አወጣው። ጨርቁን በቢላ ቀደደው፤ ደሙ ከሥሩ ስፖንጁ ድረስ ገብቶ ደርቋል። ስፖንጁን ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሲጨርስ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና በቦታው ሌላ ወንበር ገጠመ።

የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ተጣሞ ስለነበር አልከፈት ብሎ ቆይቷል። ሊቩዋኒ በብረት ፈልቅቆ ሲከፍተው በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኙ። ፈቱት። ለአዲሱ ሞተር የሚመጥኑ ሰፋፊ የፍሬን ዲስኮች ናቸው፤ ካሊፐራቸውና አዲስ ሸራቸውም አብሮ አለ። ዘይት እንኳ አልነካቸውም።

ሊቩዋኒ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «ገዝቷቸው ነበር» አለ።

«ቅዳሜ እገጥማለሁ ብሎኝ ነበር» አለ ታንያኒ።

ጉንዶ የሞተው ሐሙስ ነው።

«እንግዲያው ይሄን ሞተር እናውጣው» አለ ሊቩዋኒ። «በአባትህ ይዤሃለሁ። የድሮው አራት ሲሊንደር እኔ ጋ ተቀምጧል፣ እሱን እንመልስላት።»

«ሞተሩ አይነካም። ፍሬኑን ግጠም።»

ገጠሙት። የፍሬኑን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ቀየሩ፣ ለፊት ወንበሮች ጠንካራ ቀበቶ አሰሩ። ቁልቁለቱን ባዶዋን እየወጡ እየወረዱ ሞከሯት፤ ያዘ። መጀመሪያ ያስነሷት ቀን ግን ቺናካሆ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ያ ወፍራም ድምፅ ሲነሳ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ ለቀቀችው። ፊቷ በራ፤ ታንያኒ በዓይኑ አይቶታል፣ ለቅጽበት በራ። ከዚያ አስታወሰች። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠችና ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ታንያኒ ሞተሩን አጠፋው። እሷ ግን ከዚያም በኋላ እጇን ከጆሮዋ ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

ታንያኒ ሥራ በክሬሲዳዋ መመላለስ ጀመረ። ለውዝ የሚለቅሙ ሦስት የሰፈር ሴቶች እንደ ድሮው አብረውት ይሄዳሉ፤ ሦስቱም ከኋላ ተጣበው ይቀመጣሉ እንጂ ከፊት የምትቀመጥ የለችም። «ቮ ታንያኒ፣ እኛ እዚሁ ይመቸናል» ይሉታል በአክብሮት መጠሪያው፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት። እሱም አያስገድዳቸውም።

ቺናካሆ ግን አልተሳፈረችም። ቤተ ክርስቲያንም ክሊኒክም ገበያም ለመሄድ በእግሯ አስፋልቱ ድረስ ትወጣና ታክሲ ትጠብቃለች። አስፋልቱ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ድንጋይ ነው። እሑድ እሑድ ታንያኒ መኪናዋን አስነስቶ ከኋላዋ በቀስታ ይከተላታል።

«የጉንዶ እናት፣ ፀሐይ ነው። ግቢ።»

እርምጃዋን አላቆመችም።

«ከኋላ ተቀመጪ። አታናግሪኝ፣ ተቀመጪ ብቻ።»

«መንገድህን ሂድ፣ አንተ ሰው።»

ከመጠጥ ቤቱ በረንዳ የተቀመጡት ወንዶች ይህን ሲያዩ ይሳሳቁ ነበር። አንዱ አንድ ቀን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ታንያኒ! ሚስት ነው ወይስ ላም የምትነዳው?» ብሎ ጮኸበት። ታንያኒ አልዞረም። ቺናካሆ ግን ቆመችና ወደ በረንዳው ዞራ፣ «የአንተዋ ሚስት የሚነዳት ብታገኝ ኖሮ እናቷ ቤት ባልተመለሰች!» አለችው። ሳቁ በሰውዬው ላይ ዞረ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የታንያኒ ጥርስ ታየ። እሷ ግን ፊቷን መልሳ መንገዷን ቀጠለች።

ስኳር አለባት፣ ከድሮም ጀምሮ። በዚያ ሁሉ መንገድ መሀል ጫማዋ የእግሯን ጣት ላጠው። ምንም አልመሰላት፤ አያማትም ነበር፣ ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታል። በጨርቅ ጠቀለለችው። ታንያኒ ያወቀው ሽታው ቤቱን ሲሞላው ነው። ፈትቶ ሲያየው ሥጋው ጠቁሯል።

«ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» አላት።

«ነገ በታክሲ እሄዳለሁ።»

«በዚህ እግር? እባክሽ፣ ስወድሽ።»

«ልጄ በሞተበት ወንበር አጠገብ አልቀመጥም ብያለሁ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ወንበሩ ሌላ ነው። ቀይሬዋለሁ።»

«እኔንስ ልትቀይረኝ ነው?»

በማግስቱ በትር ተደግፋ ወጣች። አስፋልቱ ሳትደርስ ትኩሳቱ ጣላት። ታንያኒ ከኋላዋ ነበር፤ ከመኪናው ወርዶ ሲያቅፋት ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በር ከፍቶ ሊያስገባት ሲል በሁለት እጇ የበሩን ጠርዝ ያዘች። ዓይኗ ገርበብ ብሎ፣ አፏ ደርቆ፣ «አይሆንም፣ አይሆንም» ትላለች። ሰው ተሰበሰበ። በስተመጨረሻ በቆሎ የጫነ የጎረቤት ፒካፕ አስቁመው ከጆንያዎቹ ላይ አስተኟት። ታንያኒ ባዶ ክሬሲዳውን እየነዳ፣ የሚስቱ እግር ከጆንያው ላይ ሲናጥ እያየ፣ እስከ ሆስፒታል ከኋላ ተከተለ።

ከጉልበቷ ሥር ቆረጡላት። ሐኪሙ ታንያኒን ኮሪደሩ ላይ አቁሞ፣ «ከሳምንት በፊት ቢመጡ ኖሮ ጣት ብቻ ነበር» አለው።

ስትነቃ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጧል። ከአንሶላው ሥር እግሯ የጎደለበትን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በመኪናህ ብመጣ ይተርፍ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ታውቃለህ። መዋሸት አትችልበትም።»

አንገቱን ደፋ። «እሸጣታለሁ» አለ።

ሳቀች፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «አሁን? ሁለት እግር እያለኝ አልሸጥካት። አሁን በምን ልታጓጉዘኝ ነው፣ በጀርባህ?»

ከሆስፒታል የወጣች ቀን ሌላ መኪና አልፈለገችም። ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር አመጣቻት፣ ታንያኒ አቅፎ ከኋላ አስቀመጣት። ሞተሩ ሲነሳ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ጠመዝማዛውን ሲወርዱ በመስታወቱ አያት። መንገዱን አላየችም፤ ሻሹ ሥር ግን ትከሻዋ፣ አገጭዋ፣ ጭኗ ላይ ያረፉት እጆቿ ሁሉ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሞተሩ ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። መንቀጥቀጧን በወንበሩ ጀርባ በኩል ጀርባው ላይ የሚሰማው መሰለው።

በማግስቱ ሊቩዋኒ ጋ ሄደ።

«አውጣልኝ» አለው።

«ምኑን?»

«ሞተሩን። የድሮውን መልስላት።»

ሊቩዋኒ አየውና አልቀለደም። የድሮውን አራት ሲሊንደር ከሸራ ሥር አውጥተው ፈቱት፤ ፒስተኖቹን፣ ቀለበቶቹን፣ ጋስኬቶቹን በአዲስ ቀየሩ። ትልቁን ለማውጣት ታንያኒ ራሱ ከሥሯ ገባ። ጉንዶ አንድ ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ በብሎኑ አናት ላይ ቢጫ ቀለም ጠብ የማድረግ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ ብሎን ላይ ያቺ ቢጫ ነጥብ አለች። ታንያኒ ቁልፉን ከመጀመሪያው ላይ አሳረፈና አልዞር አለው። ብሎኑ አይደለም፣ ክንዱ ነው። መኪናዋ ሥር እንደተንጋለለ ማልቀስ ጀመረ፤ በቀብሩ ያላለቀሰው ሰው ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሊቩዋኒ፣ «ሲጋራ ልግዛ» ብሎ ወጣና ብዙ ዘግይቶ፣ ሲጋራ ሳይዝ ተመለሰ። ከዚያ ሁሉንም ፈቱ።

ሞተሩ ሊቩዋኒ ጋራዥ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። የሚጠይቁ ወጣቶች አልጠፉም፤ ታንያኒ ለማንም አልሰጠም። ክሬሲዳዋ አሁን ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ለውዝ ለቃሚዎቹ ሴቶች «ወርደን እንግፋ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ቺናካሆ አዲሱን ድምፅ ስትሰማ ጎመን መክተፏን አላቋረጠችም። በየወሩ ክሊኒክ ሲወስዳት ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሻሿ ፊቷ ላይ ሳይሆን ራሷ ላይ ነው። መንገድ ላይ አታናግረውም። ቤት ሲገቡ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ዶሮዎቹ ታወራለች።

የብርዱ ወራት ሲገባ አንድ ማለዳ ታንያኒ ሥራ ሊሄድ ሲል ጠራችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀረውን እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ትንሿ ጣት አትሰማኝም» አለችው።

ተንበርክኮ አየ። ጣቷ ላይ ትንሽ ቁስል አለ፣ ጠርዙ ገርጥቷል። ወደ መስኮቱ ቀና አለ፤ ውጭ ውርጭ ነው፣ የማንጎው ቅጠል ነጥቷል።

«መኪናዋን ላሙቃት?» አለ።

«አሙቃት» አለችው።