የሽንፈት ባለሙያው ናዋታ

ናዋታ ሞሪሂኮን ባስታወስኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ጀርባው ነው። ኳሷን መትቶ፣ የት እንደወደቀች ሳያይ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም። ማየት አያስፈልገውም ነበር። የምትወድቀው መጥፎ ቦታ ነው፤ እሱም ሆን ብሎ ነው የላካት። ከሞተ ሰነበተ። አብረን የሠራንበት ፋብሪካም ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አረንጓዴ መስክ ባየሁ ቁጥር መሀሉ ላይ ያ ጀርባ ይቆምብኛል።

ሥራችን ሳጥን ነበር። ኦካያማ ከተማ ዳርቻ ባለች አነስተኛ ፋብሪካ የጣፋጭ ማሸጊያ የወረቀት ሳጥን እንሠራ ነበር። ናዋታ የሽያጭ ኃላፊ ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ሌላ የሚቀጥረኝ ሳጣ፣ በሱ ስር ሆኜ የሳጥን ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። «ክዳኑ ሲገጠም የማይጮህ» ብዬ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር የሕይወቴ ምርጥ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ዘመኑ አገር በሙሉ ጎልፍ የሚጫወትበት ነበር። ሰው መሬት የሚሸጠው፣ ልጁን የሚድረው፣ የሳጥን ትእዛዝ የሚያገኘው በዚያ ሣር ላይ ነው። ሣሩ ላይ ሆኖ ስለ መሬት፣ ስለ ልጅ ወይም ስለ ሳጥን ማውራት ግን ነውር ነው። የሚወራው ስለ አየሩና ስለ ወገብ ሕመም ብቻ ነው። ደንበኛው ያሸንፋል፤ ሻጩ ይሸነፋል፤ ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ትእዛዙ ሰኞ ጧት በስልክ ይመጣል። ጎልፍ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። «አገራችን ውስጥ ትንሽ የለፋ ሰው የሚመሰገነው እዚህ ብቻ ነው» ይል ነበር ናዋታ።

መሸነፍ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ወደ ሜዳው ስንሄድ መኪና ውስጥ ያስተምረኛል።

«ስማ ሆሶያ፣ በአሥር ምት መሸነፍ ስድብ ነው። ለአንተ አልለፋም ማለት ነው። በአንድ ምት መሸነፍ ደግሞ ዛቻ ነው፤ ቆይ አገኝሃለሁ ማለት ነው። ለጨዋ ሰው የሚገባው ሦስት ነው።»

«አራትስ?»

«አራት ለባንክ ሰዎች ነው።»

ምስጋናም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከናዋታ በፊት የነበረው ኃላፊ ደንበኛው ዱላውን እንደሰነዘረ «ግሩም ምት!» ብሎ ጮኸ፤ ኳሷ ሄዳ የደንበኛውን የራሱን መኪና መስታወት አደቀቀች። ሰውየው የሥራ ዘመኑን መጋዘን ውስጥ ጨረሰ። «መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍ» ይላል ናዋታ ይህን ባነሳ ቁጥር።

ሁለት ብርጭቆ ቢራ ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ያመልጠው ነበር። «እኔ እኮ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ቀን ልቀቁኝና የምሬን ልጫወት ብል፣ ጉድ ይታይ ነበር።» ያምንበት ነበር። እኛም እናምነው ነበር። እንዲህ አሳምሮ የሚያበላሽ ሰው አሳምሮ መሥራት እንዴት ያቅተዋል?

ትልቁ ደንበኛችን ኡቡካታ የሚባሉ የባቄላ ጣፋጭ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ አጭር፣ ከባርኔጣቸው ስር አፍንጫቸው ብቻ የሚታይ ሽማግሌ ናቸው። የሳጥናቸውን ጥግ ጥግ በእጅ የሚያጣብቁት ከፋብሪካችን ጀርባ ባለች ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ አለቃቸው ደግሞ የናዋታ ሚስት ሳዋኤ ናት። የኡቡካታ ትእዛዝ ከቀረ ያቺ ክፍል ትዘጋለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ያን ቀን ኅዳር ነበር። ሜዳው ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ሦስት ሆነን ወጣን፤ ዱላዎቻችንን በትንሽ መኪና የምታጓጉዝልን እትዬ ቶሜ ነበረች። በነጭ ሻሽ ላይ ባርኔጣ የደፋች፣ የአገሩን ሥራ አስኪያጅ ሁሉ በሽንፈቱ የምታውቅ ሴት ናት።

ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ተበላሸ። ናዋታ እንደ ልማዱ ኳሷን ወደ ጫካው ሲልክ ኡቡካታ ወደ ኩሬው ላኩ። ናዋታ አሸዋ ውስጥ ሲገባ ሽማግሌው ተከትለው ገቡ። ግማሹን ጨርሰን ለምሳ ስንገባ ናዋታ ባልጠበቀው ሁኔታ በሁለት ምት ይመራ ነበር፤ ፊቱም የታመመ ሰው ፊት መስሏል።

ሩዝ በካሪ አዘዝን። ኡቡካታ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ሳጥኖቻችሁ» አሉ፣ «ሁልጊዜ በጣም ቆንጆ ነበሩ።»

ናዋታ የጎረሰውን ሩዝ ሳያላምጥ ዋጠ። ይቅርታ ጠይቆ ተነሣና እኔንም በዓይኑ ጠርቶ መጸዳጃ ቤት ገባ።

«ሰማኸው? ሳጥን አመሰገነ! ሜዳ ላይ! ‹ነበሩ› አለ እኮ!»

«ደግ ነገር አይደለም እንዴ?»

«አንተ ዩኒቨርሲቲ ምን ነበር ያስተማሩህ? ሰውየው ሊሰናበተን ነው። እየተሸነፈልኝ ነው! የእኔን ሥራ እየሠራ ነው!» ፊቱ ላይ ውሃ ረጨ። «እምቢ የሚል ሰው አስቀድሞ ስጦታ ይሰጣል። ካሸነፍኩ ስጦታውን ተቀበልኩ ማለት ነው፤ ከዚያ ገንዳው ውስጥ ቀስ ብሎ ይነግረኛል፤ እኔም አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ። ቤት ገብቼ ሳዋኤን ምን ልበላት? አሸነፍኩ ልበላት?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ናዋታ ቀበቶውን አጠበቀ። «እሸነፋለሁ» አለ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላሸንፈውም።»

እንደዚያ ከሰዓት ያለ ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሁለት ጎልማሶች፣ ማለቴ አንድ ጎልማሳና አንድ ሽማግሌ፣ በላብ ተጠምቀው ላለማሸነፍ ይፋለማሉ። አንዱ ኳሷን መትቶ አጠገቡ ሲጥላት ሌላው የሱን ከዚያም አሳጥሮ ይጥላል። አንዱ «ወይኔ ክንዴ!» ሲል ሌላው «ወይኔ ወገቤ!» ይላል። እኔ ያለ ምንም ጥረት ከሁለቱም ጋር እኩል እየተጫወትኩ መሆኔን ሳውቅ ደነገጥኩ።

አንዴ ሁለቱም ኳሶች ጥድ ውስጥ ገቡ። ናዋታ የሱን ሲያገኛት ለመምታት የምትመች ገላጣ ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ግራ ቀኝ አየና በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ሁለት ሥሮች መሀል ወተፋት። ቀና ሲል ከማዶ ዛፍ ስር ኡቡካታ አንድ እግራቸውን አንስተው ቆመዋል። ኳሳቸው ገና እየተንከባለለች ነበር።

«ምን ሆኑ ጌታው?» አለ ናዋታ።

«እባብ መስሎኝ ነው። አንተስ?»

«እኔም እባብ መስሎኝ ነው።»

«በኅዳር እባብ የለም» አለች እትዬ ቶሜ ከመኪናዋ ላይ።

በመጨረሻ ገደል ውስጥ የከተተን ይሉኝታው ነው። በእኛ ዘንድ የደንበኛህ ኳስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከደረሰች «ይበቃል፣ እንደገባች ትቆጠር» ትለዋለህ። አሥራ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ናዋታ ለኡቡካታ ከአንድ ክንድ ርቀት «ይበቃል» አላቸው። ሽማግሌው ወዲያው መለሱ፦

«ያንተም ይበቃል።»

«የኔ እኮ ገና ሩቅ ናት፤ የርስዎ ናት የምትበቃው።»

«ያንተ ናት አልኩህ!»

«በፍጹም! የርስዎ ናት!»

«እንዲያውም የሚቀጥለውም ጉድጓድ ይቆጠርልህ!»

እትዬ ቶሜ መኪናዋን አጥፍታ ወረደች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አባቶቼ» አለች፣ «ከኋላችን ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁም ማሸነፍ የማትፈልጉ ከሆነ ዱላውን ለኔ ስጡኝና ልገላግላችሁ።»

ከባሕሩ ላይ የአንድ መርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ኡቡካታ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ሣሩ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ያህል ዘመን አውቄአቸው መላጣቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

ናዋታ ተንበረከከ። ከዚያም ሜዳ ላይ ሊባል የማይገባውን አለ፦ «ጌታው፣ ሊተዉን ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ፕላስቲክ ይላል። ርካሽ ነው ይላል፣ ውስጡ ይታያል ይላል። እኔ አርጅቻለሁ፤ እሺ አልኩት። ለአንተ መንገር ግን አቃተኝ። አሸንፈህ ደስ ብሎህ ሳለ ልነግርህ ነበር።»

«ሚስቴ እኮ እዚያች ክፍል ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ከጧት ጀምሮ አሸዋ የምግጠው!»

ሣሩን ከሱሪያቸው አራግፈው ተነሡ። «ስማኝ ናዋታ። ሦስት ጉድጓድ ቀርቶናል። እስካሁን ያለውን እንርሳውና የምራችንን እንጫወት። ካሸነፍከኝ ወግ ባለው መንገድ እንለያያለን፤ ቅር የሚለው የለም። ካሸነፍኩህ ግን፣ አሸንፌህም እንጀራህንም ነጥቄህ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ሳጥኑ ይቀጥላል። ብታጭበረብር ግን አውቅብሃለሁ። ስትሸነፍ ስንት ዘመን አይቼሃለሁ።»

ናዋታ ወደ እኔ ዞረ። በዓይኑ ውስጥ የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የምሩን ከተጫወተ ያሸንፋል፤ ይህን ከልቡ ያምናል። ካሸነፈ የሳዋኤ ክፍል ይዘጋል። እያወቀ እንዳይሸነፍ ደግሞ ሽማግሌው ፊት ለፊት ጠይቀውታል። ለረጅም ጊዜ ዱላውን አገላብጦ አየ።

«እሺ፣ ቃሌን እሰጥዎታለሁ» አለ በመጨረሻ።

ኡቡካታ መጀመሪያ መቱ። ደህና ምት ነበር፤ የሰባ ዓመት ሰው ደህና ምት። ናዋታ ቀጠለ። እግሩን አመቻቸ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ኃይል ሁሉ ሰጥቶ ሰነዘረ። ሣር፣ አፈርና ጠጠር ተነሣ። ኳሷ ከነበረችበት ጥቂት ርቃ ቆመች፣ እትዬ ቶሜ እግር ስር።

«ናዋታ!» ሽማግሌው ጮኹ። «አታጭበርብር አላልኩህም?»

«አላጭበረበርኩም!»

«ቃልህ ይሄ ነው?»

«ጌታው፣ በእናቴ!» ድምፁ ተሰባበረ። ደግሞ መታ። ጫካ ገባች። ደግሞ መታ። ከዛፍ ተጋጭታ ወደ እኛ ተመልሳ መጣች፤ ሦስታችንም አጎነበስን። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ኡቡካታ በንዴት ዱላቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ሰውን መናቅ ነው ይሄ! እንደዚህ የሚጫወት ሰው አለ?»

ያኔ እትዬ ቶሜ ጣልቃ ገባች። በደግነት ነው የተናገረችው፤ ይኼ ነው የባሰው።

«ጌታው፣ ሰውየውን አይቆጡት። ይሄኛው የራሱ ነው። ሲያጭበረብር እንዲህ አይከፋም።»

ኡቡካታ እሷን አዩ፤ ናዋታን አዩ። ቀስ ብለው ዱላቸውን አነሡ። ሦስቱንም ጉድጓድ ጨረስን። ሽማግሌው አሸነፉ፤ በስንት እንደሆነ የቆጠረ አልነበረም።

ገንዳው ውስጥ ሦስታችን እስከ አንገታችን ነከርን። ኡቡካታ የታጠፈ ፎጣ መላጣቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ከደኑ። «ለልጄ እኔው እነግረዋለሁ» አሉ። «ፕላስቲኩን ለብስኩቱ ያድርገው። የባቄላው ጣፋጭ እኔ በሕይወት እስካለሁ በወረቀት ይታሸጋል።» ናዋታ ውሃው ውስጥ እንዳለ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ውሃ በአፍንጫው ገባና ምስጋናው በሳል አለቀ።

ወደ ከተማ ስንወርድ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ተረፍን እኮ!» አልኩት። እሱ በመስኮቱ የመንደሪን እርሻውን ያያል።

«ሆሶያ፣ ያቺን ሁለተኛዋን ስመታ ነፋስ ነበረ አይደል?»

«ትንሽ ነበረ» አልኩት። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ሳዋኤ ቤታቸው በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ፕላስቲክ እያሉ ነው የሚለውን ወሬ ለካ ከኛ ቀድማ ሰምታለች፤ እጇ ላይ የደረቀው ሙጫ አሁንም አልታጠበም።

«ክፍላችሁ ይቀጥላል» አላት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ናዋታ አጠገቧ ቆመ። ምን እንደሚላት የጨነቀው መስሎኝ ልሄድ ስል ከበሩ ኋላ ጃንጥላ አወጣ፣ እግሩን ከፍቶ ቆመና እንደ ጎልፍ ዱላ በቀስታ ወደ ኋላ አነሣው።

«እስቲ እዪኝ» አላት። «ስሰነዝር ክርኔ ይታጠፋል?»

«አይታጠፍም» አለችው፣ ፊቷን ከእጇ ሳታወጣ።