አግዳሚው ያልወጣበት ዓመት

የሰፈራችን ልጆች መጽሐፍ የለመድነው በለቀስተኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። ቀልድ አይደለም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ወደ ጎሮ በሚያወጣው መንገድ፣ እድራችን አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ሰው ካልሞተ ሥራ የላቸውም። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ “ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ልጅ ይቀመጥበት” አሉ። ከወሎ የመጡት ባለሱቅ የሻይ ቅጠል ሳጥኖቻቸውን ለመደርደሪያ ሰጡ። መሥሪያ ቤት የሚውሉት ጎረቤቶች ልጆቻቸው የጨረሷቸውን መጻሕፍት አመጡ። የሚያስነብበን ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የሰፈር ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ። ጋሼ እንለዋለን። እናቱ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ንባባችን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሰው ከሞተ ግን አግዳሚው ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ንባብ የለም። እኛ ልጆች፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሰው ሲታመም እንዲድን የምንጸልየው ለቅዳሜያችን ስንል ነበር።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ እያለፍን ነው። እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች፤ ዝንቡ ሲጮህ ግን ይሰማኛል። አንድ ጠዋት የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ተኮሱበት። እኛው እግር ስር ተደፋ፤ ደሙ የሴቶቹን ጫማ አራሰው። ሰልፉ አልተበተነም። ዳቧችንን ተቀብለን፣ ተሻግረነው ወደየቤታችን ሄድን።

ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ፣ ደረት መምታት፣ ሁሉም ክልክል። በሰፈራችን እንደዚያ ዓመት ሰው ሞቶ አያውቅም፤ አግዳሚዎቹ ግን ከቤታቸው አልወጡም። ንባባችን አንድም ቅዳሜ አልታጎለም። አንባቢ የሆንነው በዚያ ዓመት ነው። ይህን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጋሼን ሐሙስ ዕለት ወሰዱት። የእድሩ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የተገነጠሉ ገጾችን በሙጫ እየለጠፈ ነበር። የአብዮት ጥበቃዎቹ ለምን እንደሚፈልጉት እንኳ አልተናገሩም። ፊቱን በሰደፍ ሲሉት ጥርሱ ረግፎ ደጃፉ ላይ ቀረ። እናቱ ሮጠው ጥበቃዎቹ እግር ላይ ቢወድቁ አንዱ በከስክስ ጫማው ሆዳቸውን ብሎ ጣላቸው። ዓርብ ጠዋት ሬሳው ከሰፈራችን ድልድይ ስር ተጥሎ ተገኘ። እናቱ ሊያቅፉት ሲሉ በጠመንጃ አፈሙዝ ገፈተሯቸው። መኪና መጥቶ ሬሳውን ከሌሎች ጋር ጭኖ ሄደ፤ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። አንድ ጥበቃ እሳቸው ደጅ ቆመ፤ ጎረቤት እንዳይገባ፣ እሳቸውም ድምፅ እንዳያሰሙ።

ጠላት እንኳ ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። ያንን ልጅ እንደ ውሻ ጥሎ ማለፍ ሰፈሩን አንገበገበው። ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ዳኛ በየቤቱ እየዞሩ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ “ዛሬ ልጆቻችሁ ሲያነቡ መጥታችሁ ስሙ።”

ከሰዓት የቆርቆሮ ቤቷ በሰው ጢም አለች። እናቱ መጥተው ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። “እግዜር ያጥናዎት” ያላቸው የለም። ዳኛው አንድ መጽሐፍ ሰጡኝና “አንቺ አንብቢ፤ ጮክ ብለሽ” አሉኝ። ጅብ ሠርግ ተጠርቶ ከበሮውን የበላበት ተረት ነው። ጋሼ ሲያነበው ራሱ ጅብ እየሆነ ሆዳችንን እስክንይዝ ያስቀን ነበር። ጅቡ ከበሮውን ማሽተት ሲጀምር ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከእኔ ድምፅ በቀር ግን ምንም አይሰማም።

ያ የእናቱን ደጅ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ተከትሏቸው መጥቶ ኖሮ ጠመንጃውን ይዞ ገባ።

“ለቅሶ ተቀምጣችኋል እንዴ?”

“ንባብ ነው ጓድ። ልጆቻችን ሲያነቡ እየሰማን ነው” አሉ ዳኛው።

“ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል?”

“እኛ ፊደል ያልቆጠርን ሰዎች ነን። ልጅ ሲያነብ ደስ ብሎን ነው።”

አፋቸውን በሰደፍ መታቸው። አዛውንቱ ከነአግዳሚው ወደ ኋላ ተገለበጡ። ባለሱቁ ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ እሳቸውንም ጎናቸውን ረገጣቸው። ሳጥኖቹን በእርግጫ ገለባበጠ፤ መጻሕፍቱ ከዳኛው አፍ በፈሰሰው ደም ላይ ተበተኑ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ እኔ አዞረ።

“ንባብ ከሆነ አንብቢያ! ያቆምሽ እንደሆነ ለቅሶ ነው፤ ሁላችሁንም እጨርሳችኋለሁ።”

ፈራሁ። ቀሚሴ ላይ ሽንቴ አመለጠኝ። ግን አነበብኩ። ጅቡ ከበሮውን ዋጠ፤ ሠርገኞቹ ያለ ከበሮ በጭብጨባ ጨፈሩ፤ ተረቱ አለቀ። አጭር ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል ሰውየው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያኔ የጋሼ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

“ልጄ፣ ድገሚው።”

ደገምኩት። ሲያልቅ “ድገሚው” ይሉኛል፤ እደግማለሁ። ዳኛው ተነስተው በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሰውየው መቆም ሰልችቶት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ጅቡ ከበሮውን በበላ ቁጥር የእናቱ እንባ ይወርዳል፤ አብሯቸው ቤቱ ሁሉ ያለ ድምፅ ያለቅሳል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ድምፄ ተዘጋ፤ ሰውየው ግን ታክቶት ነበርና ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ።

እናቱ እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ። ልጃቸው በሰደፍ ከተመታበት ደጃፍ ስንደርስ ቆሙና ግንባሬን ሳሙኝ።

“ዛሬ ልጄን ቀበርሽልኝ” አሉኝ።