አሥራት ደጅ ሲጠና

አሥራት መምህር ነበር፤ የጎደለው ተማሪ፣ ክፍልና ደመወዝ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ከማሠልጠኛው ወጥተው ምደባ ሲቀበሉ እሱ ተስቦ ጥሎት ተኝቷል። ሲድን ሁሉም ወደየተመደበበት ተበትኖ ጠበቀው። ቡራዩ የሚኖሩት የትምህርት ሹም አቶ ብዙነህ ግን ደግ ሰው ስለነበሩ ተስፋውን አልቆረጡበትም። "ነገ ና" አሉት። ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ነገ የሚባለው ቀን ገና ብዙ ክብር በነበረው ዘመን።

ነገ እስኪመጣ ድረስ መብላት አይቀርምና ሥራ ለቃቀመ። በአዘቦት ቀን ሰበታ ወርዶ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ይጽፋል። ላሙ ስለተነዳችበት፣ ድንበሩ ስለተገፋበት ሰው "ተበደልሁ፣ ተገፋሁ" እያለ በሰው እንባ ያለቅሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሱሉልታ ሄዶ ለነጋዴዎች ድርቆሽ ያስጭናል። ሲመለስ ልብሱ ላይ የተሰካውን ጭድ እየነቀለ፣ ሰው በመንገድ "ምን ትሠራለህ?" ሲለው "መምህር ነኝ" ይላል። ሰውም ጨዋ ስለሆነ አይስቅበትም።

ሱሉልታ ኦቦ ኢተፋ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው፣ እንጨቱን አቁመው፣ ጭቃውን መርገው አንዲት ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ሠርተዋል። አሥራትን ድርቆሽ ሲያስጭን አይተው ወደዱት፤ ሳይቀጠር "ባርሲሳ" ይሉት ጀመር፣ በቋንቋቸው አስተማሪ ማለታቸው ነው። ያች ክፍል ከዚያ ቀን ወዲህ የአሥራት ሐሳብ ሁሉ ሆነች። ሰሌዳው የት እንደሚሰቀል፣ ትንንሾቹ የት እንደሚቀመጡ ሲያስብ ራቱን ይረሳ ነበር። የቀረው የአቶ ብዙነህ ፊርማ ነው። ኦቦ ኢተፋ ሊያማልዱት ቡራዩ ድረስ ሄዱለት። ነገር ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሳቸውም "ነገ ይምጡ" ተብለው ተመለሱ።

ደጅ መጥናት የራሱ ሥርዓት አለው። ሹሙ ከቤታቸው ሲወጡ በር ላይ ተገኝቶ እጅ መንሳት፣ ሲገቡም እጅ መንሳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶ እጅ አለመሄድ። ሌላው ባለጉዳይ በግ እየጎተተ፣ ቅቤ ተሸክሞ ይመጣል። አሥራት የሚጎትተው ስላልነበረው አሰበ፣ አሰበና እውቀቱን ጎተተ። የሹሙ ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ የወንድማቸውን ልጅ ዓባይነህን ያሳድጉ ነበር። ዓባይነህ ጢም ያወጣ ጎረምሳ ነው፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንደ ዓመት በዓል በየዓመቱ ያከብራል። አሥራት በነፃ ላስጠናው አለ። ወይዘሮዋ መረቁት። አቶ ብዙነህም በግ ቢሆን ይሻል ነበር ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፣ ግን እሺ አሉ።

አስጠናው። ዓባይነህ ሲያንቀላፋ ቀሰቀሰው፣ ሲረሳ ደገመለት፣ ሲያዛጋ ጠበቀው። አንድ ቀን ልጁ አንድ የሒሳብ ጥያቄ በራሱ ሲመልስ አሥራት በደስታ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። እየዋለ እያደረም ለቤቱ ቤተኛ ሆነ። እንግዳ ጉዳይ አለው፣ ቤተኛ ግን ምን ጉዳይ አለው? የሱሉልታን ነገር ባነሣ ቁጥር ወይዘሮ ሮማነወርቅ "አንተ ብቻ ይህን ልጅ አሳልፍልኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተወው" ይሉታል። እሱም ተወላቸው።

ዓባይነህ አለፈ። ባለጉዳይ የጎተተው በግ ሁሉ ታረደ። አሥራትም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አቶ ብዙነህ ብርሌያቸውን ይዘው ተነሡና የሱሉልታ ትምህርት ቤት አስተማሪ አገኘ አሉ። አሥራት ብድግ ብሎ እስከ ጉልበቱ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል አቶ ብዙነህ "ልጃችን ዓባይነህ ነው" ብለው ጨረሱ። እጅ ከነሱ በኋላ እንዴት ይመለሳል? እንደ ጎነበሰ ጥቂት ቆየ። ቤቱ እልል አለ። አቶ ብዙነህ ትሕትናውን አይተው ልባቸው ተነካ።

"አየህ፣ ድካምህ ፍሬ አፈራ። ያንተን ደግሞ ነገ እናስብበታለን" አሉት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች የሚስት ወንድም ልጅ ያልነበራቸው ናቸው። ኦቦ ኢተፋ አዘኑ፣ ተቆጡም፤ ግን የመጣውን አስተማሪ ቢመልሱ ሌላ እንደማይላክላቸው ያውቃሉ። "ባርሲሳ" ማለቱን ወደ ዓባይነህ አዛወሩት። አሥራትን ከሁሉ ይልቅ ያመመው ይህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ድርቆሽ ሲያስጭን ዓባይነህ ከትምህርት ቤቱ ወርዶ መጣ።

"ወንድሜ፣ ሰኞ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ክፍልፋይ ምን ነበር?" አለው።

አሥራት በያዘው መንሽ ሊያባርረው ፈለገ፤ ከልቡ ፈለገ። ግን እሱን ቢያባርር የሚቀጡት እነዚያ ልጆች ናቸው። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ልጆቹ ምን ምን እንደሚጠይቁ ጠየቀው። ዓባይነህ፣ መጠየቅ ከልክያለሁ አለ፤ ሥርዓት ያበላሻል።

"እንግዲያው እኔም ማስረዳት ከልክያለሁ። የልጅ ጥያቄ ይዘህ ስትመጣ እንነጋገራለን።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞ መጣ። የኦቦ ኢተፋ ልጅ ደጊቱ፣ አራት ከሦስት ይበልጣል፣ ታዲያ ሲሶ ከእሩብ የሚበልጠው ለምንድን ነው ብላዋለች። አሥራት መንሹን ጥሎ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠ።

"የአውድማውን እህል አስቢ በላት። ባለ ርስቱ ሲሶ የወሰደ ዓመትና እሩብ የወሰደ ዓመት፣ እናንተ ቤት የበለጠ የሚገባው መቼ ነው ብለህ ጠይቃት። መልሱን እንዳትነግራት፤ ራሷ ትድረስበት።"

ዓባይነህ እንደ ዳዊት እስኪወጣው ድረስ አስደገመው።

ሳምንቱ ለአሥራት ረዘመበት። ሰበታ ማመልከቻ ሲጽፍ የአንዱን በደል ለሌላው ጽፎ ተሰደበ። ቅዳሜ ደርሶ ዓባይነህ ብቅ ሲል ሰላምታውንም አልጠበቀ፤ ገባት ወይ አለው።

"ጠይቄያት ሳልጨርስ ገባት" አለ ዓባይነህ ደረቱን ነፍቶ። "አባቷም ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ አሁን ገና ባርሲሳ አገኘን ብለው መረቁኝ።"

አሥራት ደስ አለው። በጣም ደስ አለው፣ ደስ ስላለውም በራሱ በጣም ተናደደ። እንባውን እንዳያይበት ፊቱን ወደ ድርቆሹ አዞረ።

"ሌላስ ምን ጠየቀች?" አለ።